ተራ ዕቃን የአፍላ ዕድሜ ተምሳሌት አድርጎ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

ስለ አፍላ ዕድሜ የሚጻፉ አጫጭር ልቦለዶች ብዙ ጊዜ የሚደክሙት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጸሐፊው ልጁ ብቸኝነት እንደተሰማው፣ እንደተናደደ፣ እንዳደገ ይነግረናል፤ እኛ ግን የምናየው ነገር የለም። ስሜቱ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ ያልቃል። ገመዱ የተላጠ ማዳመጫ፣ ከታላቅ እህት የወረደ ሹራብ ወይም አዲስ የተቀረጸ የቤት ቁልፍ ቦታውን አግኝቶ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ስሜት ሳይጠራ ይመጣል። የወጣቶችን ረቂቅ ሳነብና ሳርም ዓመታት አልፈዋል፤ የምጽፍላችሁ አሠራር ከዚያ የተገኘ ነው። ምሳሌዬ አጭር ልቦለድ ቢሆንም ግጥም፣ ፎቶግራፍ ወይም ድራማ የምትሠሩም የሚለየውን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በቅኔ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁ አይገኝም። ዕቃውም መጀመሪያ ዕቃ መሆን አለበት፦ ቁልፉ በር ይክፈት፣ ቦርሳው ደብተር ይያዝ፣ ጫማው እግር ይጭመቅ። ታሪኩ ውስጥ የዘወትር ሥራውን የማይሠራ ዕቃ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

1. መጀመሪያ ጭንቁን ለዩ

አፍላ ዕድሜ ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ያስገባዋል፤ የ11 ዓመት ልጅንና የ18 ዓመትን ወጣት የሚያስጨንቃቸው ነገር ግን አይገናኝም። ስለዚህ ዕድሜውን በቁጥር ወስኑ። ከዚያ ባለታሪኩን ወዲያና ወዲህ የሚጎትተውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። “ልጅቱ ቤት ውስጥ ብቻዋን መሆን ትመኛለች፣ ብቻዋን ስትሆን ግን ትፈራለች።” “ልጁ እንደ ታላቅ ወንድሙ መሆን ይፈልጋል፣ ሰው ከወንድሙ ጋር ሲያመሳስለው ግን ይበሳጫል።” ዓረፍተ ነገሩ “ግን” ከሌለው ገና አልበሰለም። “ልጁ አዝኗል” ለዕቃ የሚሆን ሥራ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜው የሚታወቀውን ማንበብ ከምንም በላይ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ዕቃዎቹ የተቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ጉርምስና ሲጀምር መዳፍና ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር ከቀረው ሰውነት ቀድመው ያድጋሉ፤ ቁመት የሚመዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲያው ጫማ ከሱሪ ቀድሞ ይጠባል ማለት ነው። ልጃገረዶች በአማካይ ከወንዶች 2 ዓመት ገደማ ቀድመው ስለሚመዘዙ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ የ12 ዓመት ልጅ ከአጠገቡ የምትቀመጠውን ልጅ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለ። ለሁለቱ የቀረበው ወንበር ግን ያው አንድ ነው።

እንቅልፍም እንደዚሁ። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የተባለው እንቅልፍ የሚጋብዝ ሆርሞን ምሽት ላይ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ታዳጊው “በጊዜ ተኛ” ቢባልም እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፤ ጠዋት ግን የትምህርት ቤቱ ሰዓት አይጠብቀውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ የማንቂያ ደወልን የስንፍና ማሳያ አድርጎ አያስገባውም። ደወሉ የልጁ ሰውነትና የአዋቂዎች ሰዓት የሚጋጩበት ዕቃ ነው፣ ለታሪክም የሚሆነው ግጭቱ ነው።

ሌላም አለ። ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታዳጊዎች ሁልጊዜ የሚመለከታቸው ሰው ያለ እንደሚመስላቸው ገልጾ ይህን “ምናባዊ ታዳሚ” ብሎታል። መስታወት፣ የስልክ የፊት ካሜራ፣ ከክፍሉ በስተኋላ ያለው ወንበር፣ ፊት የሚሸፍን ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ ሁሉም ከዚህ ስሜት ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

2. ዕቃ ሰብስቡ

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙትን “ቢራቢሮ ማለት ለውጥ፣ ዝናብ ማለት ሐዘን” የሚሉ የተምሳሌት ዝርዝሮች ተዉአቸው። ለዚህ ሥራ ይጎዳሉ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ጠረጴዛ ላይ የራስ ቅል፣ የጠፋ ሻማና የአሸዋ ሰዓት ሲሥሉ ተመልካቻቸው ወዲያው ያነበው ነበር፤ ሕይወት አላፊ መሆኑን የሚናገሩ፣ ሁሉም የተስማማባቸው ምልክቶች ስለነበሩ። ስለ አፍላ ዕድሜ ስንጽፍ እንዲህ ያለ የጋራ መዝገብ የለንም። አንድ ሹራብ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው የሚያውቀው ከእናንተ ታሪክ ብቻ ነው። ከዝርዝር የተወሰደ ትርጉም ደግሞ የማንም ስላልሆነ አይሞቅም።

የተሻለው መንገድ እውነተኛ ዕቃ ማየት ነው። የምታውቁት ታዳጊ ካለ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ቦርሳው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ እያወጣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሳያስፈቅዱ መፈተሽ በፍጹም አይሆንም፤ ለዚህ ዕድሜ ቦርሳ ማለት የራሱ የሆነ ብቸኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ታዳጊ ከሌለ የራሳችሁን ዘመን አስታውሱ። ስትመዘግቡ የዕቃውን ስም ሳይሆን በላዩ ያለውን ምልክት ጻፉ። “እስክሪብቶ” አይበቃም፤ “ክዳኑ እስኪጠፈጠፍ የተነከሰ እስክሪብቶ” በሉ። “ደብተር” ሳይሆን “ከኋላ በኩል ሥዕል ተጀምሮ፣ ከፊት የሚመጣው የሒሳብ ትምህርት ሊደርስበት ጥቂት ገጽ የቀረው ደብተር”። እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ታሪኩ ራሱ መታየት ይጀምራል።

በእጅ ጻፉ እላለሁ። ፎቶ ማንሳት ይፈጥናል፣ ነገር ግን ያነሳ ሰው ምልክቱን ሳያይ ያልፋል፤ የሚጽፈው ግን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሞ ለማየት ይገደዳል።

ስልክን በተመለከተ፦ አትሽሹት፣ ግን በሙሉው አትውሰዱት። ስልክ በጣም ብዙ ነገር ስለሚሠራ ምንም ነገር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህም ምንም አይናገርም። አንዱን ነገሩን ቆርጣችሁ ውሰዱ። የተሰነጠቀው የመስታወቱ ጥግ፣ 4 በመቶ ላይ የደረሰ ባትሪ፣ ወይም ወንድምና እህት የሚሻሙት አንድ ቻርጀር ከስልኩ ከራሱ የበለጠ ይናገራሉ።

3. ከተሰበሰበው አንዱን ምረጡ

ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለታሪኩ በየቀኑ ይነካዋል? በታሪኩ ዕድሜ ውስጥ ሊያረጅ፣ ሊጠብ፣ ሊጠገን፣ በሆነ መንገድ ሊለወጥ ይችላል? ሌላ ሰውስ ያገባኛል ይልበታል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙ ዕቃ ያልፋቸዋል። የሚያበጥረው ሦስተኛው ነው። አፍላ ዕድሜ ከሌሎች ጋር በሚደረግ መጓተት የተሞላ ስለሆነ፣ የልጁ ብቻ የሆነ ዕቃ ቶሎ ይደርቃል። ቁልፍን ወላጅ ነው የሚሰጠው፣ ሲፈልግም ይቀበለዋል። አንዱ ጆሮ ላይ ብቻ የተሰካ ማዳመጫ፣ ሌላኛው ጆሮ ለማን እንደተተወ ያስጠይቃል። የክፍል በር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ አንድ ነገር ነው፤ ገርበብ ብሎ ከቀረ ሌላ።

የተደበቁ ዕቃዎችም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ አእምሮ ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕፃን ብርድ ልብሱን ወይም የጨርቅ አሻንጉሊቱን የሙጥኝ የሚለው ከእናቱ ወደ ውጪው ዓለም ሲሻገር የሚይዘው ነገር ስለሚፈልግ እንደሆነ አስረድቷል። የ13 ዓመት ልጅ ያንኑ አሻንጉሊት ቁምሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከትቶት ሲገኝ፣ ልጁ ሊጥለውም ሊያሳየውም እንዳልቻለ እናያለን። ታናሽ እህቱ ብታገኘውስ? ታሪኩ እዚያ ይጀምራል።

4. ዕቃውን አሠሩት

ይህ ከባዱ ደረጃ ነው። ብዙ ጸሐፊ ጥሩ ዕቃ ይመርጥና በአንድ አንቀጽ በደንብ ገልጾት ያልፋል፤ ወይም በመጨረሻው ገጽ ድንገት ያመጣዋል። በሁለቱም መንገድ አንባቢው ከዕቃው ጋር አልኖረም። ከ2,000 ቃል ለማይበልጥ ታሪክ ሦስት ጊዜ መታየቱ ይበቃል፤ ዋናው ነገር በሦስቱም ጊዜ የተለየ ሥራ መሥራቱ፣ የሚነካው እጅም መለወጡ ነው።

በምሳሌ ላሳይ። ዓረፍተ ነገራችን ይህ ይሁን፦ ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ሰው መባል ይፈልጋል፣ የእናቱን እንክብካቤ ግን ማጣት አይፈልግም። ዕቃው የትምህርት ቤት ሱሪ ነው። ልጅ ሲመዘዝ ሱሪ ያጥራል፤ ያን ጊዜ እግሩ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋው ጨርቅ ይተረተርና ይረዝማል። ሲተረተር የሚታየውን ልብ በሉ። ውስጥ የነበረው ጨርቅ ፀሐይና ፍትጊያ ስላላገኘው ቀለሙ እንደ ድሮው ነው፤ ከላይ ያለው ግን ወይቧል። በሁለቱ መሐል የድሮው እጥፋት መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ካውያ ቢመላለስበትም ቶሎ አይለቅም። ከመስመሩ ከፍ ብሎ የመርፌ ቀዳዳዎቹ ተደርድረው ይታያሉ። ልጁ የት ድረስ እንደነበረ ሱሪው ላይ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው። ይህንን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ታሪኩ ውስጥ ግን በፍጹም መግባት የለበትም።

መጀመሪያ ሲታይ ሱሪው ሱሪ ብቻ ይሁን፦

“ጠዋት ካልሲው ታየ። ሱሪውን ወደ ታች ጎተተው፤ ከወገቡ ወረደ እንጂ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደረሰም። ሸሚዙን አውጥቶ ለቀቀውና ወጣ።”

አንባቢው እዚህ የሚያየው ያጠረ ሱሪና የተሳቀቀ ልጅ ነው። ተምሳሌት የሚል ነገር አያስብም፣ ማሰብም የለበትም። ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ ጉዳይ እለፉ፤ ፈተና ይምጣ፣ ጓደኛ ይጣላ። ሱሪውን ወዲያው ደግማችሁ ካነሳችሁት አንባቢው ጣታችሁን ያያል።

ሁለተኛው ጊዜ ሌላ እጅ ይንካው፦

“እናቱ በምላጭ ክሮቹን አንድ በአንድ ትበጥሳለች። እሱ በቁምጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ‘ቁም እስኪ’ አለችው። ቆመ። ሱሪውን ወገቡ ላይ ደግፋ ለካችና ቀና አለች፤ ፊቱን ለማየት አንገቷን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ ነበረባት። ‘ትናንት እኮ ነው ያጠፍኩት’ አለች።”

ይህ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። ስሜቱ ያለው በምላጩና በአንገቷ ውስጥ ነው፣ “እናቱ ማደጉን አይታ አዘነች” የሚል ቃል የለም። ልጁም በቁምጣ ተቀምጦ መጠበቁ የራሱ ሥራ አለው፤ ትልቅ መባል የሚፈልገው ልጅ ያለ እናቱ እጅ ከቤት መውጣት አልቻለም።

ሦስተኛው ጊዜ ዕቃው በባለታሪኩ እጅ ይግባ፣ ባለታሪኩም አንድ ነገር ይወስን፦

“ከኋላው የምትቀመጠው ልጅ ‘ሱሪህ ሁለት ቀለም አለው’ አለችው። እግሩን ወንበር ሥር ሰበሰበ። ማታ እናቱ ‘መስመሩ እንዳይታይ ላጥፍልህ?’ ብላ ጠየቀችው። ‘ተይው’ አላት። ካውያውን ራሱ ሰካው።”

በሦስቱ መሐል የተለወጠውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሱሪው ያሳፍረዋል፤ ቀጥሎ ከእናቱ ጋር ያገናኘዋል፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ ይንከባከበዋል። ልጁ ኩሩም አልሆነም፣ ኀፍረቱም አልጠፋም፤ ካውያውን ግን ሰክቷል። ረቂቃችሁን ስትፈትሹ ዕቃው በታየ ቁጥር በኅዳጉ ላይ “ማን ነካው? ምን አደረገው?” ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ካገኛችሁ አንዱን ቁረጡት።

ከምንም በላይ ትልቅ ፍንዳታ እንዳትፈልጉ እለምናችኋለሁ። ቡጢ የተመታ መስታወት፣ ውሃ ውስጥ የተወረወረ ስልክ፣ የተቃጠለ ደብተር ባየሁ ቁጥር ታሪኩ ከእጄ ይወድቃል። ታዳጊ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አያጠፋም፤ ቢያጠፋም ማግስቱ አለ፣ የሚጠይቅ ወላጅ አለ፣ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የሚያጠፋ ከሆነም ያንን ማግስት ጻፉት። ባይሆን ትንሿን ድርጊት ምረጡ፦ ቁልፉን ከወላጅ ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ነጥሎ ኪስ ውስጥ መክተት፣ ማዳመጫውን ነቅሎ አንዱን ጫፍ ለሌላ ሰው ማቀበል።

5. ማብራሪያውን አውጡ

ረቂቁ ሲያልቅ የኮምፒውተሩን ወይም የስልኩን የፍለጋ ሳጥን ክፈቱና እነዚህን ፈልጉ፦ “ልክ እንደ”፣ “ያኔ ገባኝ”፣ “ሕይወቴም”፣ “ያስታውሰኝ ነበር”። ከነዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ማብራሪያ ነው። “ሱሪው ላይ ያለው መስመር ልክ እንደ ልጅነቴ ሊጠፋ ያልቻለ ምልክት ነበር” የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሰርዙት። ያማል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከጻፋችሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ቢሆንም ሰርዙት። ወርቁን ራሱ ፈልጎ ያገኘ አንባቢ አይረሳውም።

በተለይ ካደጋችሁ በኋላ ስለዚያ ዕድሜ የምትጽፉ ሰዎች ትዝታው እንዳይወስዳችሁ ተጠንቀቁ። የ14 ዓመቱ ልጅ አፍላ ዕድሜ ላይ እንዳለ አያስብም፤ ካልሲው እንዳይታይ ነው የሚያስበው። የአዋቂው ድምፅ በየመሐሉ እየገባ “ያ ውብ ዘመን” ካለ ዕቃው ከልጁ እጅ ወጥቶ የመታሰቢያ ዕቃ ይሆናል።

የምርት ስም መጥራትም ባይበዛ ጥሩ ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን በሚጠራበት ስም ጥሩት።

ለግጥም፣ ለፎቶግራፍና ለመድረክ

በግጥም ሦስት ጊዜ መታየት ይበዛል። አንዱን ቅጽበት፣ ለምሳሌ ምላጩና ክሩን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን አንባቢ ይሙላው። በፎቶግራፍ ዕቃውን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማንሳት የማስታወቂያ ምስል ያስመስለዋል። እጅ ወይም እግር ይኑርበት፣ ብርሃኑም ከጎን ይምጣ፤ የጨርቅ እጥፋትና ጭረት የሚታየው በጎን ብርሃን ነው። በመድረክ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሱሪ መስመር አያይም። እዚያ መጠኑ የሚታይ፣ ድምፅ የሚያወጣ ወይም ተዋናዩ በእንቅስቃሴው የሚያጎላው ዕቃ ምረጡ። በር፣ ቦርሳ፣ ወንበር ይሠራሉ። ቁልፍ መጠቀም ከፈለጋችሁ ድምፁን ተጠቀሙ።

6. ፈትኑት

ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያውን ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ፦ ዕቃውን ከታሪኩ ሙሉ በሙሉ አውጡና አንብቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ ዕቃው ተለጥፎ ነበር ማለት ነው፤ ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ።

ለሁለተኛው በባለታሪኩ ዕድሜ ያለ ሰው ያስፈልጋል። ታሪኩን ስጡትና ሲጨርስ “ሱሪው ምንን ይወክላል?” ብላችሁ አትጠይቁት፤ የፈተና መልስ ነው የምታገኙት። “ምን ትዝ አለህ?” በሉት፣ ወይም “ምን ትዝ አለሽ?”። ስለ ምላጩ ወይም ስለ ካውያው ካነሱ ዕቃው ሠርቷል። “ስለ ማደግ ነው” ብለው ከጀመሩ አሁንም የሆነ ቦታ እያብራራችሁ ነው፤ የትኛው መስመር እንደነገራቸው አስጠቁሙና እሱን አውጡ። ሱሪውን ጭራሽ ካላነሱት ሁለተኛው ትዕይንት ላይ የነካው እጅ ደካማ ነው፣ እሱን እንደገና ጻፉት።

በዚያው አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ “ይህ ዕቃ አሁን አንተ ባለህበት አለ?” ዕቃዎች ቶሎ ይቀየራሉ፤ እናንተ በገመድ ማዳመጫ የጻፋችሁትን እሱ በሌላ ነገር ይኖረው ይሆናል። የሚላችሁን ዕቃ ምልክቶቹን ጠይቃችሁ መዝግቡ፣ ከ3ኛው ደረጃ ጥያቄዎች ጋር አገናዝቡት፤ ካለፈ በእናንተው ቦታ ተኩት።